የአጎት ኦርቪል ጉድጓድ

ሻርላ የባሏን አጎት ቤት ከመግዛቷ በፊት በባለሙያ አስመረምረዋለሁ ካለች ወዲህ፣ የባሏ ዘመዶች እሷ ስትገባ ወሬ መቁረጥ ጀምረዋል። ቤት አስመርምሮ መግዛት ክላማዝ ፎልስ ከተማ ውስጥ ነውር ሆኖ አይደለም፤ ሰው ያገለገለ የሣር ማጨጃ እንኳ ሲገዛ አስነስቶ ድምፁን ይሰማል። ግን ከአጎት ሲገዙ? ያውም ከአጎት ኦርቪል? ሮይስን እናቱ ጥላው ስትሄድ ወስደው ያሳደጉት፣ መኪና መንዳት ያስተማሩት፣ የመጀመሪያ ጠመንጃውን የገዙለት እሳቸው አይደሉም እንዴ? በሳምንቱ መጀመሪያ የሮይስ የአክስት ልጅ በግሮሰሪው ወረፋ ላይ፣ ሻርላ ከኋላዋ መቆሟን ሳታይ፣ «ቀጥሎ ደግሞ የሰውየውን አፍ አስከፍታ ጥርሳቸውን ትቆጥራለች» ስትል ሻርላ በጆሮዋ ሰምታለች። ሻርላ የምትሠራው የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ስለሆነ ቀልዱ ክፉ አልነበረም። የወተቷን ሒሳብ ከፍላ ወጣች።

ክሊኒኩ ውስጥ ሥራዋ እንግዳ መቀበል ነው። በር ላይ ተቀምጣ በየቀኑ ሰው ሲዋሽ ትሰማለች። የሚገባው ሁሉ ጥርሱን ማታ ማታ በክር እንደሚያጸዳ ይምላል፤ ድዱ ደግሞ ሌላ ይመሰክራል። በዚህ ሥራ ላይ ስትቆይ አንድ ነገር ተምራለች፦ የሚዋሽ ሰው ድምፁን ዝቅ አያደርግም፣ ከፍ ያደርጋል፤ ያልተጠየቀውንም ይጨምራል። አጎት ኦርቪል ስለ ጉድጓዳቸው ሲያወሩ ደግሞ ድምፃቸው መንገድ ተሻግሮ ይሰማል።

በዚያ ኮረብታ ላይ ያሉ ቤቶች ለማሞቂያ ጋዝ አይገዙም። ከመሬቱ ሥር የፈላ ውኃ አለ፤ ባለቤቱ ጉድጓድ ያስቆፍርና ቱቦ ያወርድበታል፤ በቱቦው ውስጥ የሚዞረው ውኃ ታች ወርዶ ይሞቅና ተመልሶ ቤቱን ያሞቃል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ወሬው ግን ብዙ ነው። የኮረብታው ወንዶች እንግዳ ሲመጣባቸው ሳሎኑን ከማሳየታቸው በፊት ጉድጓዱን ያሳያሉ። የሚስታቸውን ልደት የሚረሱት ሰዎች የጉድጓዳቸውን ጥልቀት አይረሱም። ሙቀቱ ነፃ ስለሆነም ማሞቂያ መቀነስ እንደ ንፍገት ይቆጠራል፤ ቤቱ ሲግል መስኮት ይከፈታል እንጂ ማሞቂያ አይነካም። በየካቲት ውርጭ መስኮቱን ወለል አድርጎ፣ ቁምጣ ለብሶ በረንዳ ላይ ቡና የሚጠጣ ሽማግሌ ካያችሁ፣ ሰውየው አልታመመም። ጉድጓድ አለኝ ማለቱ ነው።

አጎት ኦርቪል ከሁሉም በላይ ነበሩ። አሁን ጉልበታቸውን ስላመማቸው ከሚስታቸው ከዋንዳ ጋር ወደ አሪዞና ሊሄዱ ነው፤ ቤቱን ለሮይስ «በዘመድ ዋጋ» ሊለቁለት ተስማምተዋል። የዘመድ ዋጋ ያሉት ገበያው የሚለውን ነው፤ በላዩ ላይ ለጉድጓዱ ብቻ ሠላሳ ሺህ ዶላር ጨምረውበታል። «ለባዕድ ቢሆን ሃምሳ ነበር» ይላሉ። ገንዘቡ የሮይስ አይደለም፤ የሻርላ እናት ቤታቸውን ሸጠው የሰጧት ነው። እናትየው እጃቸው በሪህ ተቆልምሞ ቁልፍ ማዞር አቅቷቸዋል፤ ልጃቸው ቤት ሞቃት ክፍል ውስጥ ሊኖሩ ነው የተስማሙት። ሻርላና ሮይስ የሚኖሩበት የኪራይ ተንቀሳቃሽ ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር የኩሽናው ቧንቧ በረዶ ይሆናል፤ ሻርላ ፊቷን የምትታጠበው ማሰሮ ውስጥ ባሞቀችው ውኃ ነው። ስለዚህ አጎት ኦርቪል ቤት ገብታ ጀርባዋን ወደ ሞቃቱ ግድግዳ ባስጠጋች ቁጥር፣ ትንሽ ብታፍርም፣ ማልቀስ ያምራታል። ቤቱን ፈልጋዋለች። የቀረው ሙቀቱ የእውነት መሆኑን ማወቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በፒካፑ ሄዱ። ሮይስ ደግ ሰው ነው፤ የማይወደው ጥያቄ ሲመጣበት ሬዲዮ ጣቢያ ይቀይራል። በዚህ ወር ውስጥ ሻርላ ስለ ጉድጓዱ ሁለት ጊዜ ጠይቃዋለች፤ ሁለቴም «አጎቴ ያሉት ነዋ» ብሎ ጣቢያ ቀይሯል። ዛሬ ሳትጠይቀውም ቀየረ። ኮረብታውን ሲወጡ ግራና ቀኙ በረዶ ነው፤ ሐይቁ ከታች ግራጫ ሆኖ ተኝቷል።

አጎት ኦርቪል እንደተለመደው ቁምጣ ለብሰው በረንዳው ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው መጋረጃዎቹ ወደ ውጭ ይውለበለባሉ። ዋንዳ አይብ ፈሶበት በምድጃ የተጋገረ ድንችና የቀረፋ ኬክ ሠርተው ጠረጴዛውን ሞልተውታል፤ ቤቱ ሰርግ እንጂ ምርመራ ያለበት አይመስልም። ዋንዳ ሻርላን አቅፈው ሳሟትና «ብዪ እንጂ ልጄ» አሏት። ዋንዳ ባላቸው እያሉ ብዙ አይናገሩም፤ ቦታ የለም።

መርማሪው ኪፕ በሰዓቱ ደረሰ። ከካሊፎርኒያ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ በክላማዝ ፎልስ ይህ ራሱ ጥፋት ነው። ጫማው ላይ የላስቲክ ሽፋን አጠለቀ፣ አንገቱ ላይ ሙቀት የሚያይ ካሜራ አንጠለጠለ፣ ጣሪያውን ከላይ የምታነሳ ትንሽ በራሪ ካሜራም ከሻንጣ አወጣ።

«ና እስቲ ካሊፎርኒያ!» አሉ አጎት ኦርቪል። «እናንተ አገር ሙቀት የሚመጣው ከሰማይ ነው፤ እኛ አገር ከታች ነው። ከሲኦል ጎረቤት ነን፣ ግን ኪራይ አንከፍልም።»

ኪፕ ሳቀ፤ መሳቅ የሥራው አካል ነው። ቤቱን ለመመርመር ግማሽ ቀን ያህል ፈጀ። የበረንዳው አምፖል እንደተቃጠለ አገኘ፤ ይህንንም ሻርላን ጎን ወስዶ እንደ ሐኪም በዝግታ ነገራት። የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲዘጋ ይጮኻል። ደረጃው ላይ ያለው መደገፊያ ከሚፈቀደው ትንሽ ያጥራል፤ «በዚህ ላይ ሰው ሊሞት ይችላል» አለ። ማሞቂያውን ግን ካሜራውን ደቅኖበት ስክሪኑ ቀይ ሲሆንለት እንደ ልጅ ደስ አለው። ሁሉም ክፍል ቀይ ነው። ምድር ቤቱም ቀይ ነው። «እንዲህ ያለ ማሞቂያ አይቼ አላውቅም» አለ፤ አጎት ኦርቪልም «አታይም!» አሉት።

«ግን ሙቀቱ ከየት ነው የሚመጣው?» አለች ሻርላ።

«ከጉድጓዱ ነዋ» አለ ኪፕ።

«ጉድጓዱን አየኸው?»

አጎት ኦርቪል ይህን ሲሰሙ ሁሉንም እየነዱ ወደ ጓሮ ወሰዷቸው። ጉድጓዱ ላይ በእጃቸው የሠሯት የእንጨት ጎጆ አለች፤ ጣሪያ አላት፣ ገመድና ባልዲም አላት፣ በላይዋ ላይ «ኦርቪል» ብለው በጋለ ብረት ጽፈውባታል። ባልዲው ለጌጥ ነው። አጎት ኦርቪል የጎጆዋን ጣሪያ እንደ ፈረስ ጀርባ መታ መታ እያደረጉ፣ ጉድጓዱ በተቆፈረ ቀን እንፋሎቱ እስከ ስልክ እንጨቱ ጫፍ እንደወጣ፣ እንቁላል በባልዲ አውርደው ቀቅለው እንደበሉ፣ ቱቦው እንዳይዝግባቸውም በየመኸሩ አንድ ጣሳ ዘይት እንደሚያጠጡት ተናገሩ። ድምፃቸው ቀስ በቀስ እያደገ ሄደ። ኪፕ ጎጆዋን ከሦስት በኩል ፎቶ አነሳት።

ሻርላ ግን የምታየው የጎጆዋን ጣሪያ ነበር። ክንድ የሚያህል በረዶ ተቆልሎበታል። ከጎጆዋ ሥር ያለውን የሲሚንቶ ክዳንም በረዶ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል፤ አንድም ቦታ አልቀለጠም። እንቁላል የሚቀቅል ጉድጓድ!

«ክዳኑ አይከፈትም?» አለች።

«ጉድጓድ መክፈት በእኔ ውል ውስጥ የለም» አለ ኪፕ በትሕትና። «እኔ የምመረምረው የሚታየውን ነው።»

«የሚታየውን ከሆነ፣ ያስ ምንድነው?»

ያሳየችው ከቤቱ መሠረት ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ጎረቤት አጥር የሚሄድ መስመር ነው። ስፋቱ አንድ እርምጃ አይሞላም። ግቢው ሁሉ ነጭ ሆኖ ሳለ እሱ ላይ በረዶ የለም፤ እንዲያውም ሣሩ አረንጓዴ ነው። መሀሉ ላይ አንዲት ቢጫ ድመት ሆዷን ለሰማይ ሰጥታ ተዘርግታለች።

ኪፕ አጎንብሶ በጥንቃቄ አየ። «ሣር ነው» አለ።

«በየካቲት?»

«ጤናማ ሣር» አለ ኪፕ። «ስለ ተክል ግን ሌላ ባለሙያ ብታናግሪ ይሻላል።»

ሻርላ ባሏን አየችው። ሮይስ ጓሮ ውስጥ ሬዲዮ ስለሌለ የጃኬቱን ዚፕ ከፍቶ መልሶ ዘጋ። አጎት ኦርቪል ደግሞ ድመቷን በረዶ ወርውረው አባረሯት። መስመሩ ከአጥሩ በሚገናኝበት ቦታ ላይ አንድ ጣውላ ብቻ አዲስ ነው፤ ሌሎቹ በዕድሜ ሸብተዋል። «ያ ጣውላ በየዓመቱ ነው የሚበሰብስብኝ» አሉ ሳይጠየቁ። «የኢርማ ድመት እየሸናችበት። አስራ ምናምን ዓመት አላናገርኳትም፣ ሴትዮዋን። የፕለም ዛፏ ፍሬውን ግቢዬ ውስጥ ይጥላል፤ ቁረጪው አልኳት፣ እምቢ አለች። ይኸው አጥር ሠራሁባት። ሐይቁንም አታይም!» በዚህኛው ላይ አልዋሹም፤ አጥሩ ሁለት ሰው ቁመት አለው።

ሻርላ መኪና ውስጥ የረሳሁት አለ ብላ ወጣች። በመንገዱ ዞራ የኢርማን በር አንኳኳች።

ኢርማ ባላቸው አንሴል ከሞተ በኋላ ለብቻቸው የሚኖሩ ቀጭን አሮጊት ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ በትንንሽ ቁራጭ የሚገጣጠም የባሕር ዳርቻ ሥዕል ዘርግተው ሰማዩን ይፈልጋሉ። ከመስኮታቸው ፊት ለፊት የሚታየው የአጎት ኦርቪል አጥር ብቻ ነው። ሻርላ የሮይስ ሚስት መሆኗን ተናግራ፣ ስለ አረንጓዴው መስመር ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት፣ አሮጊቷ በእጃቸው አስቆሟት።

«ግቢ፣ ግቢ። በመጨረሻ አንድ ሰው መስመሩን ተከትሎ መጣ። እስካሁን የገባት ድመቷ ብቻ ነበረች።»

ነገሩን ሲነግሯት ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። የኦርቪል ቱቦ ዝጎ ተበጥሶ ጉድጓዱ ውስጥ የወደቀው የገና በዓል ሊከበር ሲል፣ ወደ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። የሚያወጣው ሰው አልተገኘም። ዋንዳ ያኔ ሳንባቸውን ታመው ተኝተው ነበር፤ አንሴልም አይቶ አላስቻለውም። ከራሱ ጉድጓድ ቱቦ ቀጥሎ በምድር ሥር አሻገረላቸው። «እስከ ፀደይ ድረስ ብቻ፣ ተባለ» አሉ ኢርማ። «ተጨባበጡ፣ አለቀ። የትኛው ፀደይ እንደሆነ አልተባለም።» ፀደዩ መጣ፣ ሄደ። አንሴል ሞተ። ቀጥሎ የፕለሙ ጠብ መጣ፣ አጥሩ ተሠራ፤ ሙቀቱ ግን በአጥሩ ሥር እንደተለመደው መሄዱን ቀጠለ።

«ዘይት አጠጣዋለሁ ይላሉ እኮ» አለች ሻርላ።

«ያጠጣዋል! በየመኸሩ በአጥሩ ቀዳዳ አየዋለሁ። ለሞተ ጉድጓድ ዘይት ሲያፈስ፣ ዙሪያውን አይቶ፣ ሰው ሲያልፍ ጠብቆ። ያሳዝነኛል እንጂ አያናድደኝም።»

«ለምን አልዘጉበትም?»

ኢርማ አንድ የሰማይ ቁራጭ አንሥተው ሞከሩት፤ አልገጠመም። «ዋንዳ እዚያ ውስጥ ናታ። በየገናው ኬክ በፖስታ ቤት በኩል ትልክልኛለች፤ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ሆና ቴምብር ለጥፋ። እና ደግሞ…» አሉ፣ «ልጁም ለፍቶበታል። አንሴል ወገቡን ያመው ስለነበር ቦዩን የቆፈረው ባልሽ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የደረቀ መሬት በዶማ ሲፈልጥ ሾርባ ያበላሁት እኔ ነኝ። አልነገረሽም?»

ሻርላ ተቀመጠች። አጎት ኦርቪል መዋሸታቸው አላስገረማትም፤ እሳቸው በሌላ ነገር አይኖሩም። ሮይስ ግን! የእናቷ ቤት ሲሸጥ አጠገቧ ነበር። እናቷ ዕቃቸውን ሲያስሩ ሳጥን ያቀበላቸው እሱ ነው። ይህን ሁሉ እያየ፣ ያ ገንዘብ በረዶ ላይ ለተቀመጠች የእንጨት ጎጆ ሊከፈል ሲል፣ ጣቢያ ይቀይር ነበር። መናደድ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ከፋት። አልቅሳ ልትወጣ ስትል ኢርማ ቁራጯን አስቀምጠው ተነሡ።

«ሙቀቱን የሚዘጋው ቫልቭ ጋራዥ ውስጥ ነው» አሉ። «አንሴል ከሞተ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። ግን መርማሪ አምጥተሻል አይደል? ይመርምራ!»

ሁለቱም ገቡ። ቫልቩ ደርቆ አልዞር ብሎ ነበር፤ ሻርላ በመፍቻ እየመታችው፣ ኢርማ «በቀስታ፣ በቀስታ፣ ነፍስ አለው» እያሉ፣ እንደምንም ዞሮ ተዘጋ። ከመውጣቷ በፊት ሻርላ አንድ ነገር ጠየቀች፦ ቤቱን እነሱ ቢገዙትስ? ኢርማ አሰቡ። ኦርቪል የተጨባበጠው ከአንሴል ጋር ነው አሉ፤ አንደኛው ሞቷል፣ ሌላኛው አያናግራቸውም፣ ስለዚህ ያ ውል ያበቃ ይመስላቸዋል። አዲስ ከሆነ ግን ሁለት ነገር ይፈልጋሉ። ቱቦው ሲበላሽ መቆፈሩ የእነ ሻርላ ይሁን። አጥሩ ደግሞ ይፍረስ፤ ሐይቁን ሳያዩ መሞት አይፈልጉም። ሻርላ እጇን ዘረጋች፤ ተጨባበጡ። የአሮጊቷ አጨባበጥ የወንድ ነው።

ስትመለስ ሁሉም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ኪፕም ድንች ቀርቦለታል። አጎት ኦርቪል ስለ ጉድጓዱ ይናገራሉ፣ መስኮቶቹ ሁሉ ክፍት ናቸው፣ ሮይስ ይበላል። ሻርላ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። መጀመሪያ የተሰማቸው ዋንዳ ናቸው፤ ሳይናገሩ ተነሥተው የኩሽናውን መስኮት ዘጉ። አጎት ኦርቪል ወሬያቸውን ሳያቋርጡ በዓይናቸው ተከተሏቸው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ራሳቸው ተነሡና፣ እግረ መንገዳቸውን የሚያደርጉት አስመስለው፣ ሁለተኛውን ዘጉ። ስለ እንፋሎቱ ያወሩ ነበር፤ አሁን ከስልክ እንጨቱ ጫፍ አልፏል። ኪፕ የላስቲክ ሽፋን ያጠለቀ እግሩን አንዱን በሌላው ላይ ያሻል። ከዚያ ሦስተኛው መስኮት ተዘጋ፣ ከዚያ አራተኛው። ስለ ብርድ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። እዚያ ቤት ውስጥ ብርድ የሚባል ቃል ተነሥቶ አያውቅም፤ አጎት ኦርቪል እንኳ ሱሪ ሊለብሱ መኝታ ቤት ሲገቡ «መነጽሬን ላምጣ» ብለው ነው የሄዱት። ሱሪና ሹራብ ለብሰው፣ ያለ መነጽር ተመለሱ።

«ኪፕ፣ እስቲ ካሜራህን አንድ ጊዜ አንሣው» አለች ሻርላ።

ኪፕ አነሣው። ስክሪኑን አየ፣ በእጅጌው ጠረገው፣ እንደገና አየ። ቀይ የነበረው ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። «ማሞቂያው ምንም ችግር የለበትም» አለ በመጨረሻ። «ሙቀት ብቻ ነው የሌለው።»

«ካሜራህ የካሊፎርኒያ ነው፣ ብርድ አልለመደም» አሉ አጎት ኦርቪል፤ ብርድ የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ግን ራሳቸውም ደነገጡ። ዋንዳ ትከሻቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው ሳህናቸውን ያያሉ። አንድ ጊዜ ሳሉ፤ ያው የድሮው ሳል ነው።

ሻርላ ከባሏ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። አልተቆጣችም፣ አልጠቀሰችውም። ሮይስ ሹካውን አስቀመጠ። አክስቱን አየ፣ ብርድ ልብሱን አየ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«አጎቴ» አለ፣ «ቦዩን የቆፈርኩት እኮ እኔ ነኝ።»

ሁሉም የሚተነፍሱት እንኳ በጥንቃቄ ነበር፤ ትንፋሻቸው መታየት ጀምሯል። አጎት ኦርቪል «የቱን ቦይ?» አሉ። ሮይስ ወደ ሻርላ ዞሮ፣ «ልነግርሽ ነበር። ያሳደጉኝ ሰው ናቸው፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ» አላት። ሻርላ ገና ይቅር አላለችውም፤ ግን ከጃኬቱ ዚፕ ላይ እጁን ማንሣቱን አየች።

ዋንዳ ተነሡ። ብርድ ልብሱን እንደለበሱ፣ ከቀረፋ ኬኩ ትልቁን ግማሽ ቆርጠው በሳህን ያዙ፤ የቤት ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ በጓሮ በር ወጡ። በመስኮት አዩአቸው። በመንገዱ አልዞሩም። በአረንጓዴው መስመር ላይ፣ በረዶ ሳይነካቸው፣ ቀጥ ብለው ሄዱና አጥሩ ጋ ሲደርሱ ያንን አዲሱን ጣውላ በነጠላ ጫማቸው ገፉት። ጣውላው ከሥሩ በስብሶ ኖሮ በአንድ ጊዜ ወደቀ። ዋንዳ ሳህናቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ሾለኩ። ድመቷ ተከተለቻቸው።

«የት ነው የምትሄደው?» አሉ አጎት ኦርቪል።

ኪፕ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። የአጥር ጉዳይም ውሉ ውስጥ አልነበረም።

ብዙ ሳይቆይ ከግድግዳው ውስጥ ድምፅ ተሰማ፤ ቱቦው ጓ፣ ጓ አለ፣ ቀጥሎ እንደሚጉመጠመጥ ሰው ተንቦራጨቀ። ማሞቂያው ቀስ እያለ መጋል ጀመረ። ሻርላ ጀርባዋን አስጠጋች፤ አላስቻላትም። የአጎት ኦርቪል ፊትም አብሮ ሞቀ። ትከሻቸውን ነፋ አድርገው ጠረጴዛውን መታ አደረጉ።

«አያችሁ?» አሉ፤ ድምፃቸው መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። «አላልኩም? ጉድጓዴ እንደ ሰው ነው። ትንሽ ሲያርፍ ነው እንጂ ጥሎኝ አያውቅም። ሠላሳ ሺህ ለሱ አንሶታል፣ እውነቱን ልንገራችሁ።»

ሮይስ ሊናገር ሲል ሻርላ ክንዱን ያዘችው። ይህን ክሊኒክ ውስጥ ነው የተማረችው፦ በክር አጸዳለሁ የሚለውን ሰው አትከራከሪውም፣ ቀጠሮ ትሰጪዋለሽ።

«አጎቴ፣ ቤቱን እንገዛዋለን» አለች። «በገበያው ዋጋ። ጉድጓዱን ግን አንፈልገውም። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ከባለቤቱ መለየት ነውር ነው። አሪዞና ይዘውት ይሂዱ።»

አጎት ኦርቪል አዩአት። ወደ ሮይስ ዞሩ፤ ሮይስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አልሰበረላቸውም። ጉድጓድ አይነሣም እንዳይሉ፣ ቀጥሎ ክዳኑ ይከፈት እንደሚባሉ ያውቃሉ። «ታዲያ ያለ ጉድጓድ ቤቱ በምን ሊሞቅላችሁ ነው?» አሉ፣ ተንኮል ያገኙ መስሏቸው።

«እሱን ከኢርማ ጋር ተጨባብጠንበታል።»

ከአጥሩ ማዶ የሁለት አሮጊቶች ሳቅ በተከፈተው ቀዳዳ በኩል ይመጣል፤ አንደኛው የዋንዳ ነው፤ ሮይስ አክስቱ ሲስቁ ከሰማ ስንት ጊዜው ነው። አጎት ኦርቪልም ሰምተውታል። በረዶ ወዳለበት ወደ ጓሮው አዩ፣ ስማቸው ወደተጻፈባት ጎጆ።

«ጎጆዋን ግን በእጄ የሠራኋት እኔ ነኝ» አሉ። «እሷን እወስዳታለሁ።»

«ይውሰዷት» አለች ሻርላ።

ማሞቂያው በደንብ ግሏል። አጎት ኦርቪል ሹራባቸውን በራሳቸው ላይ ጎትተው አወለቁ፣ ግንባራቸውን ጠረጉ። «ኤጭ፣ ይሄ ቤት ሲግል ደግሞ አያድርስ ነው» አሉና፣ ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱት።